የተበጠሰው ክር

ተዳፋት ከመናዱ በፊት ስንት ቀን ያስጠነቅቃል? ማንን ልጠይቅ? ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ፤ የመሬትን ነገር ግን ያስተማረኝ የለም።

ጣሊያን ዲላ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ከቤታችን ግርጌ ያለውን ኮረብታ ለመኪና መንገድ ያስቆርጥ ጀመር። ልጄ ገበየሁ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበርና ከጎረቤታችን ከባልቻ ጋር እዚያው አሰለፉት። ሰኔ ሲጋመስ የጓሯችን መሬት ተሰነጠቀ። ያየችው የልጅ ልጄ ወለላ ናት፤ ጣቷን ከትታበት ስትጫወት ሮጬ ጎትቼ አነሣኋት።

«አባዬ፣ ኮረብታ እንዴት ይሰነጠቃል?» አለችው ገበየሁን፣ ከሥራ ሲገባ።

«ከላይ ጥቁር አፈር አለ፤ ከሥሩ ቀይ። ቀዩ ድሮ አለት ነበር፤ ዝናብና ፀሐይ አበሰበሰው።»

«ድንጋይም እንደ ጥርሴ ይበሰብሳል በለኛ!» አልሁት።

«እንዳንቺ ጥርስ ቶሎ አይደለም፣ እማዬ፤ ስንት ሺ ዓመት ይፈጅበታል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ከቀዩ ሥር የሚያሟልጭ ነጭ ጭቃ አለ። ውሃ እስከዚያ ይሰርግና ማለፊያ ያጣል። እዚያ ሲጠራቀም የላዩ ሁሉ ይንሸራተታል። ግርጌውን ደግሞ እኛው እየቆረጥንለት ነው።»

ለሥራ አለቃቸው ለካቦው ነግሮት ነበር አሉ። ካቦው «ጉድጓድ ቆፋሪው መሐንዲስ ሆነ» ብሎ አሳቀበት።

እኔን የሚበላኝ ሌላም ነበር። ከሸዋ መጥተን ቤቱን ስንሠራ፣ ጓሮውን የሞላውን እንሰት ጫካ ነው ብዬ ያስነቀልሁት እኔ ነኝ። ባልቻ ያኔ፣ «ይተዉት እማማ፣ አፈሩን የያዘው እሱ ነው» ብሎኝ ነበር። የጌዴኦ ሰው ተዳፋት ራቁቱን አይተውም። እኔ ግቢዬ ይጽዳ ብዬ ጠረግሁት።

እናም ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክዬ፣ በእጄ የፈተልሁትን ክር ወጥሬ አሰርሁበት። ገበየሁን፣ «ይህ ክር የተበጠሰ ዕለት ሥራ አትወርድም፤ ወለላን ይዘን ማዶ እንሻገራለን። ማልልኝ» አልሁት።

«የቀረ ሰው ይገረፋል እኮ፣ እማዬ።»

«ጅራፉ ይሻለኛል!»

ማለልኝ።

ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ጠዋት ባልቻ በአጥራችን ሲያልፍ፣ «ገበየሁ፣ እማማ ዛሬም እሹሩሩ እያሉህ ነው?» ብሎ ተሳልቆ ቁልቁል ወረደ። እኔ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። ክሩ ተበጥሷል። ስንጥቁ ክንዴን ይውጣል።

ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ልጄን የማስቀርበት ነገር አገኘሁ። ተመልሼ ቁራጩን መዳፉ ላይ አኖርሁለት።

«ይኸው! ምለህልኛል። ወለላን ያዛት፣ እንውጣ።»

ክሩን ትክ ብሎ አየው። ከግርጌ የዶማ ድምፅ ይሰማል፤ ሠላሳ ሰው አለ እዚያ፣ ባልቻም አለ።

«ገበየሁ?» አልሁ።

የወለላን እጅ ይዞ እጄ ውስጥ አስገባው። ክሩን እንደጨበጠ ከቤት ወጥቶ፣ ወደ ዶማው ድምፅ ቁልቁል ሮጠ።