ጠጋ ጠጋ የተሳፈረበት መድን

እኔ ልሙት፣ እንደዛ ቀን ተሳቅቄ አላውቅም! አባባን፣ አያቴን ማለቴ ነው፣ ይዤው ጡረተኞች የጤና መድን የሚመርጡበት ቢሮ ሄድን። አባባ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። አሁን ቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ግራውም እየተከተለ ነው። ኦፕራሲዮን ካልተደረገ በቃ፣ ጨለማ።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ከጡረታው የሚቆርጠው ትንሽ ነው፣ ግን የሚያሳክመው ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ብቻ ነው፤ እዛ ደግሞ የዓይን ሐኪም የሚባል የለም። ሁለተኛው ጠንከር አድርጎ ይቆርጣል፣ ግን ዓይን ሆስፒታልም ያስገባል። አንዴ ከፈረሙ እስከ ከርሞ መቀየር የለም። ቤት ስነዘንዘው ከርሜ፣ ሁለተኛውን እይዛለሁ ብሎ ነው የወጣነው።

እዛ ስንደርስ ከፊታችን ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ጠጋ ጠጋ! ተሳፋሪ ላይ ሲጮህ የኖረው ነገር ስም ሆኖበት ቀረ፤ የአባባ ትኬት ቆራጭ ነበር። ድሮ አውቶቡሱ ግንብ ሲገጭ አለቃቸው ፊት "ይሄ ሰውዬ አያይም" ብሎ መሰከረበት። ከዛ ወዲህ ዓይንህን ለአፈር ተባብለዋል።

ጠጋ ጠጋ መስኮቱ ጋ ደርሶ ሁለተኛውን ሲል አባባ ሰማ። ፊቱ ቅጭም አለ።

"እኔ አንደኛውን ነው የምይዘው" አለኝ።

"አባባ፣ ዓይንህስ?"

"እሱ የተሳፈረበት ላይ አልሳፈርም።"

ለመንኩት፣ ቆነጠጥኩት፣ ለእማዬ እደውላለሁ ብዬ አስፈራራሁት። ወይ ፍንክች! ሠራተኛዋ ደግሞ ጥፍሯን እያየች፣ ቶሎ ይበሉ አባት፣ እዚህ የሚያስታምም የለም ትላለች። አባባ እስክሪብቶውን አንደኛው ላይ አስጠጋ።

ያኔ ከጎናችን የቢሮው የቆርቆሮ ግድግዳ አንዴ ድም አለ። ጠጋ ጠጋ ነው፣ በመዳፉ። የአባባ እጅ ቀጥ አለ! ለካ ትኬት ቆራጭ የአውቶቡሱን ጎን አንዴ ከመታ ቁም ማለት ነው፤ ስንት ዓመት ለዛ ድምፅ ፍሬን ሲይዝ የኖረ ሰው አሁንም ሳያስበው ያዘ።

አባባ ዞረበት። "አንተን ማን ጠራህ?"

"ታውረህ ስትደናበር ባይ ደስታዬ ነበር" አለ ጠጋ ጠጋ። "ግን ይቺን ልጅ ምርኩዝህ ልታደርጋት ነው። ትምህርቷን ትታ አንተን ስትጎትት ትኑር?"

አባባ እኔን አየኝ። ከዛ ሁለተኛው ላይ ፈረመ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭኖ። እዛው ልዘል ምንም አልቀረኝ!

ስንወጣ ጠጋ ጠጋ ደረጃው ላይ ቆሟል። አሁን ይታረቃሉ ብዬ ስጠብቅ አባባ፣ "ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ ያንተን ፊት እንዳላይ፣ ከመንገዴ ጥፋ" አለው።

"አይ፣ ምን ይሻልሃል?" አለ ጠጋ ጠጋ፣ ሳይስቅ። "እኔም እኮ የምታከመው እዛው ዓይን ሆስፒታል ነው።"