ነጂው ውጭ የቀረ ባቡር

የቤቱ ትልቋ ልጅ እጮኛ የማያውቀው ነገር የለም። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ መድኃኒቱን ያውቃል፣ ቴሌቪዥን ሲንጫጫ ምክንያቱን ያውቃል፣ እናትየውን ወገቧን ሲያማት ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቃል። ቧንቧው እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል። ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሊቁ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችለት የቤቱ ትንሿ ልጅ ናት። እሷን ደግሞ አባቷ «ምላጭ» ይላታል፤ ለምን እንደሆነ አፏን ስትከፍት ይገባችኋል።

አባትየው ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ጓደኞቹ አንድ ካርቶን ሰጡት። ውስጡ እሱ ይነዳው የነበረው ባቡር ነው፤ ግን ገና ያልተገጣጠመ፣ መቶ ምናምን ግራጫ የፕላስቲክ ቁራጭ ፍሬም ላይ እንደተንጠለጠለ። መጀመሪያ ይጸዳል፣ ከዚያ ይገጣጠማል፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ይቀባል። የአባትየው እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲቀርብለት ግማሹን የሚጠጣው ሰሐኑ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ ተኮፍሶ ተቀመጠ።

ጓደኞቹ በመጡ ቁጥር ገና ከበር ላይ «ነጂው ተሳፈረ ወይስ አሁንም ገና ነው?» እያሉ ያሾፉበታል። አብሯቸው ይስቃል። ሲሄዱ ግን የካርቶኑን አቧራ በእጅጌው ይጠርጋል። ከዚያ ሁሉ ቁራጭ መሃል እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ክርኑን መስኮት ላይ ያስደገፈ፣ የጣት ጥፍር የሚያክል ነጂ። እሱን ቦታው ተቀምጦ ማየት ነው የፈለገው። ጓደኞቹ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሊመጡ ነው።

ምላጭ የመመሪያ ወረቀቱን ተደብቃ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች።

«አባዬ፣ እኔ ልሥራው» አለች ቅዳሜ ጠዋት።

አባቷ አፉን ሳይከፍት ሊቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ይሄ እኮ የቴክኒክ ሥራ ነው። ልጅ እጅ ላይ የሚጣል አይደለም።»

አባትየውን ይሉኝታ ያዘው። ነገ ከነገ ወዲያ አማች የሚሆን ሰው! «እሺ ልጄ፣ አንተ ሥራው። ምላጭ ታግዝህ።»

«ምኑን ነው የማግዘው? ላቡን ልጥረግለት?»

«አንቺ!» አለች እናቷ ከጓዳ።

ሊቁ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቀዶ ጥገና ሊያደርግ የገባ መሰለ። መመሪያውን አጣጥፎ ለሚወዛወዘው የጠረጴዛ እግር ድጋፍ አደረገው። «አይዞህ» የምትለው የምላጭ እህት ብቻ ናት፤ እጮኛዋን እያየች ፊቷ በኩራት ያበራል። ፍቅር ዓይን ያጠፋል ሲሉ ምላጭ ሰምታለች፣ እንዲህ ድምጥማጡን ያጠፋል ብላ ግን አላሰበችም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል» አለች ምላጭ። «ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት አለው። ካልታጠበ ማጣበቂያውም ቀለሙም አይዝም።»

«ፕላስቲክ ይታጠባል እንዴ? ሰሐን መሰለሽ?»

«ወረቀቱ ነው ያለው።»

«ወረቀት የሚያነበው ሥራ የማይችል ሰው ነው።»

እና ጀመረ። ሰው በመቁረጫ ቆርጦ የሚያወጣውን እሱ በጣቱ ጠምዝዞ፣ ቀጭ! ቀጭ! እያደረገ ይገነጥላል። የተገነጠለበት ቦታ ሁሉ ኪንታሮት የበቀለበት መሰለ። የአንዱ መሰላል እግር ፍሬሙ ላይ ቀረ። «ችግር የለም፣ ቀለም ይሸፍነዋል» አለ። የመስኮቱ መስታወት ላይ አውራ ጣቱን ከነማጣበቂያው አሳረፈበት። «ቀለም ይሸፍነዋል።» መስታወት ቀለም ይቀባ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ማጣበቂያ ደግሞ ናቀና ከኪሱ ሱፐር ግሉ አወጣ፤ አንድ ጊዜ ጫማውን ያጣበቀበት ነው። ጫማውም አሁን አፉን ከፍቶ ከጠረጴዛው ሥር ይስቅ ነበር።

ለምላጭ የደረሳት ነጂው ብቻ ነው። «ያቺን ሚጢጢ ሰውዬ አንቺ ያዢ፣ ለሴት ልጅ ጥሩ ናት» ብሎ አራት ቁራጭ ወረወረላት፤ አካል፣ ጭንቅላት፣ ሁለት ክንድ።

ነብር የመሰለ ስድብ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው፤ ነጂው ከእጇ እንዳይወሰድ።

ቁራጮቹን የፍሳሽ ቧንቧው እንዳይውጥባት የሻይ ማጥለያ ውስጥ ከተተች። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ቀስ አድርጋ አጠበችና ፎጣ ላይ አሰጣቻቸው። ሲደርቁ የተረፉትን ጉጦች በእናቷ የጥፍር መቁረጫ ራቅ አድርጋ ቆረጠች፣ የቀረውን በምላጭ ላጨች። ከኮፍያው እስከ አገጩ አንድ ቀጭን መስመር ወርዷል፤ የፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የገጠመበት ነው። ሰውዬውን ለሁለት የተሰነጠቀ አስመስሎታል። የምላጩን ጀርባ ይዛ አፍንጫውን ሳትነካ ፋቀችው። ከዚያ ሳታጣብቅ ክንዱን ገጠመች፣ አየች፣ አወለቀች፣ እንደገና ገጠመች። በመጨረሻ በስንጥር ጫፍ ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ማጣበቂያ ነካ አደረገች። ክርኑ ልክ እንደ አባቷ ክርን ወጣ ብሎ ቀረ።

ቀና ስትል ሊቁ እጁን እያራገፈ ነበር። «አለቀ! ሁለት ሰዓት አልፈጀም። አባባ፣ ይምጡ!»

ባቡሩ ቆሟል። ቢያንስ አልወደቀም። ጣሪያው ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«ነጂውስ?» አለች ምላጭ።

«የምን ነጂ?»

መዳፏን ዘረጋች። ሊቁ ነጂውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ በሩን ሞከረ። በሩ የይምሰል ነው፣ አይከፈትም። መስኮቱ ጣት አያሳልፍም። ነጂው መግባት የነበረበት ጣሪያው ከመዘጋቱ በፊት ነው። ይህን የጠረጴዛው እግር ሥር ያለው ወረቀት በትልቁ ስሎት ነበር።

አባትየው ደረሰ። ማንም ምንም ሳይነግረው ገባው።

«አባባ፣ በአሁኑ ዘመን ባቡር ያለ ነጂ ነው የሚሄደው» አለ ሊቁ። «ደግሞ ከውጭ ብዙም አይታይም።»

አባትየው ነጂውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ሰውዬውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድም ቀን ባቡር አምልጦኝ አያውቅም።»

የምላጭ እህት እንኳ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ምላጭ ባቡሩን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጣሪያውን አጥበኸዋል?»

«አላጠብኩም አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልናገር?»

«እሰይ! እግዜር ይስጥህ።»

የአውራ ጣቷን ጥፍር ከጣሪያው ሥር አስገብታ ገፋ አደረገች። ጧ! ጣሪያው እንደ ጠርሙስ ክዳን ተነሳ። ቅባቱ ላይ የፈሰሰው ሱፐር ግሉ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተላጠ። ተከትሎ አንድ ግድግዳ ወደቀ። መሰላሉም ወደቀ። አንድ ጎማ ተንከባልሎ የሊቁ ጫማ አፍ ውስጥ ገባ።

«ቀለም ይሸፍነዋል» አለች ምላጭ።

እናትየው ከጓዳ ሳቋን ስታፍን ተሰማ። አባትየው ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወረቀቱን ሳበና፣ በመዳፉ ደልድሎ፣ ለምላጭ ሰጣት።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» አላት። ከዚያ ወደ አማቹ ዞረ። «አንተ ደግሞ ልጄ፣ አግዛት።»

ጓደኞቹ ከሰዓት በሩን ሲያንኳኩ ጠረጴዛው ላይ የቆመው የነጂው ክፍል ብቻ ነበር፤ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ወለልና ግድግዳው ተገጥሞ፣ ክርኑን መስኮት ላይ ያስደገፈ ሰው ውስጡ ተቀምጦ። ጣሪያው ፎጣ ላይ ተራውን ይጠብቃል።

«እህሳ!» አለ አንዱ ሽማግሌ ከበር ላይ። «ነጂው ተሳፈረ ወይስ ገና ነው?»

«ተሳፍሯል» አለ አባትየው ደረቱን ነፍቶ። «ባቡሩ ነው ገና እየታጠበ ያለው።»

ሁሉም ጥጉ ላይ ወዳለው የውኃ ሳፋ ዞሩ። ሊቁ እስከ ክርኑ አረፋ ለብሶ፣ በጥርስ ብሩሽ ጎማ ይፈትግ ነበር።

«ይሄ አልበቃውም?» አለ ጎማውን ከፍ አድርጎ።

ምላጭ ተቀበለችው፣ በመብራት አገላብጣ አየችው፣ መልሳ ሳፋው ውስጥ ጣለችው።