ከጉሙ ውስጥ የመጣ "አቤት"

የታንጁንግ ላዋ ጋዝ ወደብ ሠራተኞች አንድ ክፉ አመል ነበራቸው። በአደጋ ልምምድ ቀን የቀረ ሰው ስሙ ሲጠራ ጓደኛው "አቤት" ይልለታል። ስም ጠሪዋ ሃስኒዳር ይህን ታውቃለች። ብታውቅስ ምን ታድርግ? ሁልጊዜ የሚቀረው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ባሶ ነው፤ ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ተጋድሞ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጓደኛው ታጁዲን ይመልስለታል፣ እሷም ስቃ ታልፋለች።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሳይረኑ የጮኸው ለልምምድ አልነበረም። ከቧንቧ ያመለጠው ቀዝቃዛ ጋዝ ነጭ ጉም ሆኖ መሬት ለመሬት መጣ። ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው! ወፎቹ እንኳ ጭጭ አሉ። ሠራተኞቹ የነፋሱን አቅጣጫ እያዩ ሮጠው መሰብሰቢያው ሜዳ ደረሱ። ሃስኒዳርም መዝገቧን ገልጣ መጥራት ጀመረች።

"ባሶ!"

"አቤት!"

ምልክት አደረገች። ከሃያ ሰባት ሰው ሃያ ሰባቱም ተገኙ። የነፍስ አድን አለቃው ፓ ሩስላን "አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ወጥቷል! ማንም ተመልሶ እንዳይገባ!" አለ።

ልቧ ግን እምቢ አላት። በጣቷ እየጠቆመች ሰው ቆጠረች። ሃያ ስድስት ናቸው።

"አንተ ታጁዲን! ዛሬም መለስክለት? በዚህም ትቀልዳለህ?"

"ወላሂ እህቴ፣ አፌን አልከፈትኩም! እኔማ ድምፁን ስሰማ 'ተመስገን መጣ' ብዬ ነበር። ከኋላችን ነው የመለሰው።"

ከኋላቸው ያለው ጉሙ ብቻ ነበር።

"ፓ ሩስላን፣ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው! በአላህ አውጡልኝ!"

ሁለት ሰዎች የአየር ጭምብል አጥልቀው ገቡ፤ ባሶንም ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ተሸክመው አመጡት። የወደቡ ሐኪም ደረቱን አዳመጠና አንገቱን ደፋ።

"ይሄ ልጅ ገና ሳይረኑ ሳይጮኽ ነው ሕይወቱ ያለፈው። ተኝቶ ነበር መሰለኝ።"

"በሳቄ ገደልኩት!" አለች ሃስኒዳር።

ደንብ ደንብ ነው፤ ሜዳው ከመለቀቁ በፊት መዝገቡ እንደገና ይጠራል። ሌላ ሰው ይጥራ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። እንባዋ ፊደሉን እየጋረደባት ጠራች፣ ጠራች፤ ባሶ ላይ ስትደርስ ስሙን ዘላ ቀጣዩን ጠራች።

የተጠራው ሰው ገና ሳይመልስ ከጉሙ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ።

"እትዬ፣ እኔንስ?"