ለሽምግልና የሄደው ፎቶ

በጥምቀት ሰሞን በዋለ እሑድ ጠዋት፣ አሶሳ ከአቶ የሻው ግቢ ቆመው የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ለገሰ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደባልቄ፣ እና ወንደሰን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ወንደሰን ፎቶ ተሸካሚ ነበር።

ፎቶው የአቶ የሻው ልጅ የየትናየት ነው። የትናየት ባጃጅ ትነዳለች፤ የምትቆመው ወንደሰን ተቀጥሮ ከሚሠራበት ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ነው። በየቀኑ ያያታል፤ ከ«ደኅና አደርሽ» ያለፈ ቃል ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ የዝናብ ቀን ብቻ ደፍሮ «ላንሣሽ?» አላት።

«አሁን? በዚህ ጭቃ?»

«አሁን።»

ዱባይ ከተሣለበት መጋረጃ ፊት አላቆማትም። መሪዋን እንደያዘች፣ ጥርሷን እንደነከሰች አነሣት። ከዚያ ፎቶውን አሳድጎ፣ ከመስኮቱ ሙሽሮች የአንዷን ፎቶ አውርዶ በቦታው ሰቀላት። አይታው ይገባታል ብሎ ነበር።

የገባው ለሌላ ሰው ነው። ከኩርሙክ ዕቃ የሚያመላልሰው ነጋዴ ሰራዊት ሲሄድ ቆሞ አየው፣ ሲመለስ ቆሞ አየው፣ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ለገሰም «ልጁ ልቡ የተነካው በዚህ ነውና ይዘነው እንሂድ» አሉ። «መስታወቱ ከባድ ነው፤ ወንዴ፣ አንተ ያዝልን።»

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ የሻው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ደባልቄ፤ ጉዳዩንም እንደ ወጉ ተናገሩ።

አቶ የሻው ፎቶውን በጎን አዩት። «ይቺን ፎቶ ተዉኝ! አገሩ ሁሉ ‹ልጅህን ማን አስቆጣት?› እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። የእናንተ ልጅ ስንት የምትሥቅ ሙሽራ ባለበት መስኮት ምን አይቶ ነው እሷን የፈለገ? ቁጣዋን?»

«ያው … ጠንካራ ናት ለማለት ነው» አሉ ጋሽ ለገሰ።

«ጠንካራማ በሬዬም ነው!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ለገሰ ወንደሰንን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ያነሣኸው አንተ አይደለህ? ተናገር እንጂ! አፍ የለህም?»

ፎቶው ወንደሰንን ከአገጩ እስከ ቀበቶው ጋርዶታል። ከዚያ ኋላ ሆኖ ተናገረ።

«ቁጣ አይደለም ጋሼ። ያን ቀን ምጥ የያዛት ሴት ጭና ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረባት። ሰው ሁሉ በረንዳ ሥር ተጠልሎ ያያል። እሷ ወርዳ ገፋች። አልተሳደበች፣ አልለመነች። ሴትዮዋን ‹አይዞሽ፣ ደርሰናል› ትላታለች፤ አልደረሱም ነበር። እኔ በር ከፍቼ እስክወጣ አስወጥታው ሄደች። ያነሣኋት አድርሳት ስትመለስ ነው። እጇ ቢያርፍም ፊቷ ገና እየገፋ ነበር።»

ወንደሰን በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። አቶ የሻው የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዐይናቸው ወሰዱ።

«ይህን ያየ ሰው» አሉ፣ «ልጄን ያውቃታል።»

«ሰራዊት አስተዋይ ልጅ ነው አላልንም?» አሉ ጋሽ ደባልቄ ቶሎ ብለው።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ የሻው።

ወንደሰን አፉን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ መልሶ ዘጋው። ፎቶውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ማንም ሳያስተውለው ወጣ።

የትናየት በጓዳው በር ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የግቢው በር ላይ ደረሰችበት።

«ያን ሁሉ እንድትል ሰራዊት ነው የነገረህ?»

«አይ … ያው …»

«ያው ምን?» ጠበቀችው። «በል እንጂ ወንዴ። አይዞህ፣ ደርሰሃል።»

አልደረሰም ነበር። መሬት መሬቱን እያየ «ስትሰቅሉት ፀሐይ እንዳያገኘው» አላት፤ «ቀለሙ ይለቃል።»

የሰራዊትና የየትናየት ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ፎቶ ያነሣው ወንደሰን ነው፤ ጋሽ ለገሰም ከዱባዩ መጋረጃ ፊት ቆማ የምትሥቅበትን መርጠው በመስኮቱ ላይ አሰቀሉት።