ለእሳት የተሰጠ ዕቃ

ሚስተር ኮልቢ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የስንብት ንግግሩን «የመከሩ ዘመን ትዝታ» ብሎ ሰየመው። መከሩ የማን እንደሆነ አልተናገረም። ማን ዘራው? ማን አረመው? ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያባርር እዚህ የቀሩት ጥቂት አማኞች ነበሩ፤ ፈረንጆቹ ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን በየቀበሌው ሞልቶ አገኙት። የዚያን ዘመን ጅራፍ የቀመሰ ሰው ዛሬም ሶዶ ገበያ ቅቤ ሲሸጥ ይታያል። ሚስተር ኮልቢ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ጥቂት ዓመት ተቀምጦ «መከሬ» አለ።

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። እንግሊዝኛ ስለማውቅ የዚያን ቀን አስተርጓሚው ነበርኩ። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ።

ጋሽ ባዳቾ የሁምቦ ገበሬ ናቸው። ወጣት ሳሉ ስለ እምነታቸው ታስረው ተገርፈዋል፤ የጀርባቸውን ጠባሳ ግን ወንዝ ሲታጠቡ ካልሆነ ልጆቻቸው እንኳ አያዩትም። በዕድሜያቸው ጠንቋይ ሆነው አያውቁም፤ አባታቸውም አልነበሩም። ከክረምቱ በፊት ሚስተር ኮልቢ ሁምቦ ወረደና በወላይትኛ ሻሬቾ የሚባለው የድሮ ጠንቋይ እንዴት ይለብስ እንደነበር ለልጆች ማስተማሪያ ፎቶ ላነሣ ነው፣ እባክዎ ለጥቂት ጊዜ ይልበሱልኝ ብሎ ለመናቸው። ልብሱን ራሱ በመኪናው ይዞ መጥቷል፤ የነብር ቆዳ፣ ጨሌ፣ ቃጭል። እንግዳ የለመነውን እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ለበሱለት። በአጥሩ ጥግ ያለፉ ሰዎች አዩአቸው፤ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጋ ደረሰ።

በቤተ ክርስቲያናችን የጠንቋይ ዕቃ መልሶ የነካ ሰው ከጌታ እራት ይታገዳል። ቦታውም በሩ ሥር ነው፤ ዝናብ የሚረጨው፣ ውሻ የሚያልፍበት። ጋሽ ባዳቾ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተቀመጡ። የጌታ እራት በሆነ ቀን ኅብስቱ በፊታቸው አልፎ ይሄዳል፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ሶርሳ፣ ያስለበሰው ፈረንጅ ራሱ በጉባኤ ፊት ይመስክርላቸውና ይመለሳሉ ብሎ ቈረጠ። ሚስተር ኮልቢም በስንብቴ ቀን እመሰክራለሁ ብሎ ቃል ገባ። ቃሉን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ቀኑ ደረሰ። በሶዶው አዳራሽ መስኮቶቹ በብርድ ልብስና በጋቢ ተሸፍነው በቀን ጨለማ ተሠራ። ውጭ የመብራት ሞተሩ ያጓራል፤ ግድግዳው ላይ በተወጠረው አንሶላ የሚስተር ኮልቢ ፎቶዎች ይበራሉ። ከሁምቦም ከቤሌም ሰው መጥቷል። ጋሽ ባዳቾ ጋቢያቸውን አሳጥበው በሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ከዚያ እንደሚነሡ አምነዋል።

መጀመሪያ አህያ ታየ፤ ገበያ ታየ። ከዚያ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረችው የሚስተር ኮልቢ መኪና ታየች።

«ያን ቀን የገፋነው እኛ፤ ፎቶ የተነሣችው እሷ» አለ አንዱ የቤሌ ሰው። አዳራሹ ሳቀ። ሚስተር ኮልቢ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም፤ ደስ ያላቸው መስሎት እሱም ሳቀ።

ቀጥሎ ጋሽ ባዳቾ አንሶላውን ሞልተው ብቅ አሉ፤ የነብር ቆዳ በትከሻቸው፣ ቃጭል በእጃቸው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሚስተር ኮልቢ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ሰው እኔ ስመጣ በጨለማ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል፤ የድካሜ ፍሬ ይህ ነው አለ።

አልተረጎምኩም። ወደ እሱ ዞሬ በእንግሊዝኛ የገባውን ቃል አስታወስኩት። ፎቶው ገንዘብ ለሚሰጡት ሰዎች አስቀድሞ ተልኳል፣ አሁን ጨዋታ ነበር ብል ሌላውንም ሥራችንን ይጠራጠራሉ ብሎ አንሾካሾከልኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ።

«ባዳቾ ትሑት ሰው ነው፤ ይረዳኛል።»

የሌላውን ሰው ትሕትና ወንበር አድርጎ የሚቀመጥበትን ሰው ምን ብዬ ልጥራው? ወደ ሕዝቡ ዞርኩና ነገሩን ከሥሩ ተናገርኩ፤ ልብሱን ማን እንዳመጣ፣ ማን እንደለመነ፣ ማን ቃል ገብቶ እንዳጠፈ። ሚስተር ኮልቢ አማርኛዬን ባይከታተልም ፊቴን ሲያይ ገባው።

አቶ ሶርሳ ከፊት ወንበር ሳይነሣ፣ «መምህር» አለኝ፣ «የአስተርጓሚ አፍ የተከራየ አፍ ነው። ያንተን ምስክርነት ማን ጠየቀ?»

ጥቂቶች ሳቁ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የፈረንጅ ዝምታ ከወንድሙ ንግግር ይልቅ ያሳምነዋል። ጋሽ ባዳቾ በሩ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

በዚህ መካከል ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ ሽታዬ ተነሣች። የሞተ አባቷ በሁምቦ ስሙ የተፈራ ሻሬቾ ነበር። ወደ አንሶላው ሄዳ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፤ ጥላዋ የጋሽ ባዳቾን ግማሽ ሸፈነ። ጣቷን ቃጭሉ ላይ አኖረች። ከንፈሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል።

«ይህ የአባቴ ነው። ሽቦውን ያሰረው አባቴ ነው፤ መብራት ያዥ ሆኜ አጠገቡ ነበርኩ። እኔ ለእሳት ነው የሰጠሁት። ከእሳት ማን አወጣው?»

በልማዳችን ያመነ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ በገዛ እጁ፣ በጉባኤ ፊት ያቃጥላል። ሚስተር ኮልቢ ከመጣ ወዲህ ግን እኔ ዘንድ ተዉት፣ አቃጥለዋለሁ እያለ ይቀበል ነበር። ሽማግሌዎቹም የፈረንጅ እሳት ከኛ እሳት ይልቅ የሚያቃጥል ይመስል ዝም አሉ።

አቶ ሶርሳ ያኔ ተነሣ። የመስኮቱ ጋቢ ወረደ። በሚስተር ኮልቢ መኪና ላይ በገመድ ታስሮ የነበረው የጉዞ ሣጥኑ ወርዶ ተከፈተ። በሸሚዞቹ መካከል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ የሀገሩ አባቶች ዕቃ ሁሉ ተኝቷል። አንዱ የአጎቱን አምባር አወቀ፤ አንዷ የአያቷን ጨሌ። ሚስተር ኮልቢ ለሙዚየም ነው አለ። እነዚህ ሰዎች ሰይጣን ነው ተብለው የጣሉት ነገር እሱ አገር ሲደርስ ቅርስ ይሆናል ማለት ነው። ተረጎምኩት። አቶ ሶርሳ የዚህን ጊዜ አፌን የተከራየ አላለውም።

ሣጥኑን ሜዳው ላይ ገለበጡት፤ ከሞተሩ ጋዝ አምጥተው ለኰሱት። ጨሌው ሲፈነዳ ዞር ብል ሚስተር ኮልቢ ካሜራውን እሳቱ ዳር ወደቆሙት ወደ ጋሽ ባዳቾ ደግኗል። ጠንቋዩ ጣዖቱን ሲያቃጥል! ይህም ወደ ማዶ ሊላክ!

ጋሽ ባዳቾ አዩት። እሳቱ ያልደረሰበትን የነብር ቆዳ አንሥተው ወደ እሱ ሄዱ።

«መምህር፣ ንገርልኝ» አሉኝ። «ሚስተር፣ አንድ ፎቶ ቀርቷል። አንተ ይህን ልበስና ቁም፤ መምህሩ ያንሣህ። ለልጆች ማስተማሪያ ነው።»

ቆዳውን ዘርግተው ያዙለት። ሚስተር ኮልቢ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ወደ ኋላ አለ።

«አልችልም» አለ። «የአገሬ ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?»

እያንዳንዷን ቃል ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ባዳቾ ትንሽ ጠበቁት፤ ከዚያ ቆዳውን እሳቱ ውስጥ ጣሉት። አቶ ሶርሳ እንደ ልማዱ ነገር ሲከብደው ፈጥኖ መዝሙር አነሣ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ፈረንጁ በመዝሙር ተሸኘ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ እሱም፣ እነሱም።

በሚቀጥለው የጌታ እራት አቶ ሶርሳ ጋሽ ባዳቾን በስማቸው ጠርቶ ወደ ፊት ይምጡ አለ። እሳቸው ከበሩ ሥር አልተነሡም።

«እዚሁ አምጡልኝ» አሉ። «ክረምቱን ሙሉ በፊቴ ሲያልፍ ከርሟል፤ መንገዱን ያውቀዋል።»

አቶ ሶርሳ ኅብስቱን ይዞ በወንዶቹና በሴቶቹ ወገን መካከል እስከ በሩ ሄደ። ለመስጠት ጎንበስ ማለት ነበረበት።