ስሙ በኋላ የሚወጣው ልጅ

መዝገቡ ስለ ልጁ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ቴክሳስ ውስጥ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ እዚያ ሰው የሚያውቀው በቁጥብነቱ ነው። የማህደር ስም ከተነሣ ግን ጫኙም ሹፌሩም ሥራውን አቁሞ ካልሰማው አይለቅም። የሒሳብ አያያዝ ተምራ የተመረቀች ሰሞንማ በየሄደበት አነሣት፣ ጣላት። ሚስቱ ሰብለወርቅ ሰው መሀል እንዲህ ሲሆንባት የኮቱን ጫፍ ከኋላ ጎተት ታደርጋለች። እሱም የነገሩን መጨረሻ ሳይናገር አይቀመጥም።

እንዲህ ያለው አባት ልጁ ባንክ ቤት ያገኘችውን ሥራ ትታ የፎርት ዎርዝ ሚዩልስ የሚባል የቤዝቦል ቡድን ቢሮ ስትገባ ለጥቂት ሳምንት አፉ ተዘጋ። ሚዩልስ ማለት በቅሎዎች ማለት ነው ሲሉት ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ቡድኑ ትልቁ ሊግ ውስጥ ያለ አይደለም። በየትናንሽ ከተማው ካሉ መሰሎቹ ጋር የሚጫወት፣ የእንጨት ወንበር ባለው ሜዳ ላይ የሚላብ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ መጨረሻ የወጣ ቡድን ነው። ባለቤቱ ሚስተር ሃንሊ ጎማ ሻጭ ናቸው። በፈረንጆቹ 1996 ዓ.ም. ጨዋታው በተጀመረ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ጥሏቸው ሲሄድ፣ ሌላ መቅጠሪያ ስላልነበራቸው ማህደርን ጠሩና የደመወዙንም የተጫዋቾቹንም ጉዳይ እስከ ውድድሩ ማብቂያ ያዢልኝ አሏት። ከተሳካልሽ ቦታው ያንቺ ነው፣ ካልተሳካ ግን በሰላም እንለያያለን ብለው ቁርጡን ነገሯት። የመዝገቡም አፍ ያን ቀን ተመልሶ ተከፈተ።

ሊጉ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በወር ከዚህ በላይ እንዳይከፍል ጣሪያ አስቀምጧል። ከሚዩልስ ደመወዝ ሩቡን የሚወስደው ሬይ ኮልተር የሚባል አንድ ሰው ነበር። ኮልተር በወጣትነቱ ለአጭር ጊዜ ትልቁ ሊግ ውስጥ ተጫውቷል፤ ዛሬም ኳሷን በመምቻ እንጨቱ በደንብ ካገኛት አጥር ያሻግራታል፤ ሕዝቡም ስሙን እየጠራ ይነሣለታል። ዕድሜው ግን ገፍቷል፣ ጉልበቱም አልታዘዝ ብሎታል። ማህደር የደመወዙን ነገር ላይ ታች ብላ አየችውና፣ እሱን ይዘን መጨረሻ ወጥተናል፣ ያለ እሱም ከመጨረሻ በታች አንወርድም አለች። ሉዊዚያና ውስጥ ያለ አንድ ቡድን ደግሞ ዘንድሮውኑ ዋንጫ ካልበላሁ ብሎ ነበር። እነሱ የሚፈልጉት ዘንድሮን ነው፣ እሷ የምትፈልገው የሚቀጥለውን ዓመት። ኮልተርን ሰጠቻቸውና በለውጡ ሁለት ወጣቶች ወሰደች። ወደፊት ሦስተኛም ሊጨምሩላት ተስማሙ።

ሦስተኛው ማን እንደሆነ አባቷ እሁድ ምሳ ላይ ጠየቃት። ማህደር እዚህ አገር የመጣችው በስምንት ዓመቷ ስለሆነ አማርኛዋም ከዚያ ዕድሜ ብዙ ፈቅ አላለም።

«አንድ ልጅ አለ አባዬ። ማለቴ፣ ስሙ ገና አልወጣም። በኋላ ነው የሚወጣው» አለችው።

በቤዝቦል ይህ የታወቀ ነገር ነው። ሁለት ቡድኖች ሲለዋወጡ አንደኛው ተጫዋች ማን እንደሚሆን ወደፊት እንዲነገር ይስማማሉ። ማህደር ልቧ ያረፈበት ልጅ ነበራት። ግራኝ ወርዋሪ ነው፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውር ማለት ነው፤ ክርኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ ስለተቀመጠ ያ የሉዊዚያና ቡድን ረስቶታል። ክንዱ መዳኑን በዓይኗ ሳታይ ስሙን መጥራት ግን አልፈለገችም። በሐምሌ መጨረሻ መወርወር ሲጀምር ሄዳ ልታየው፣ ካልሆነም ሌላ ልትመርጥ ተዋውላለች። ከኮልተር ደመወዝ የተረፈውንም ሌላ ቦታ ሳትነካ ለዚህ ልጅ አስቀመጠችለት። መዝገቡ ነገሩን ሁሉ አልጨበጠውም። ልጁ ብልጥ መሆኗን ግን ጨበጠ፣ እሱም በቃው።

ጉባኤያቸው ከባፕቲስቶች ላይ አዳራሽ ተከራይቶ እሁድ ከሰዓት በአማርኛ ያመልካል። በሚቀጥለው ሳምንት የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ሲባል መዝገቡ ብድግ አለ። ነርሷ ሰብለወርቅ የዚያን ቀን ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ኮቱን የሚጎትተው አልነበረም።

«ልጄ ማህደር ትልቅ ነገር ላይ ናት» አለ ፊቱ እያበራ። «ስሙ ገና ያልወጣ ልጅ እየጠበቀች ነው። በሐምሌ መጨረሻ ይታወቃል። ልጁ ጤነኛ ሆኖ እንዲመጣላት በጸሎታችሁ አስቧት።»

አሜን ያለው ሰው ጥቂት ነበር። መዝገቡም፣ ለኳስ ጸልዩ ስላልኳቸው ቅር ብሏቸው ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ጥሩ አልነበሩም። ኮልተር ሉዊዚያና ሆኖ ኳሷን አጥር ለአጥር ሲያሻግር ሚዩልስ ተከታትሎ ተሸነፈ፣ ወንበሩም ባዶ ሆነ። መጋዘን ውስጥ አንድ ቴክሳሳዊ ሹፌር ለመዝገቡ ሰላምታ ነፈገው፤ ሌላው ደግሞ ልጅህ ወርቁን ሰጥታ አየር ገዛች ብሎ ሳቀበት። ሚስተር ሃንሊ ማህደርን ቢሮ ጠርተው፣ ኮልተር ወደ ፎርት ዎርዝ ሊጋጠመን የሚመጣበት ጨዋታ የመጨረሻ ፈተናሽ ነው አሏት። ማህደር ይህን ለአባቷ ስትነግረው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እሱን ግን ባንኩ ምን አጠፋ የሚል ሐሳብ እየመጣ ያስቸግረው ጀመር፣ አፍሮም ለማንም አልተናገረውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጉባኤው አንጋፋ ሽማግሌ ጋሽ ተሻገርና ከጉባኤው እናቶች አንዷ የሆኑት እትዬ ዓለምጌጥ በሩን አንኳኩ። እትዬ ዓለምጌጥ አንድ ጥቅል ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ሰብለወርቅ አስቀመጠቻቸው፣ ለስላሳ አቀረበች። ሁለቱም ማህደር እቤት አለመኖሯን ከጠየቁ በኋላ ጋሽ ተሻገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅ የጌታ ስጦታ ነው» አሉ። «ከጋብቻ በፊት መሆኑ ልባችንን ቢሰብረውም፣ ቤተ ክርስቲያን ጀርባዋን አትሰጣትም ልንላችሁ ነው የመጣነው።»

ሰብለወርቅ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀች። የማህደር ነዋ፣ መዝገቡ ራሱ ቆሞ ያስጸለየበት አሏት። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረችና ምን ብሎ እንዳስጸለየ ጠየቀችው። መዝገቡም ቃል በቃል ደገመው፤ ሲደግመው የገዛ ጆሮው ሰማውና መሀል ላይ ድምፁ ጠፋ። ሰብለወርቅ ወንበሩ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እትዬ ዓለምጌጥ ጥቅሉን እንዴት እንደሚደብቁት ቸገራቸው። ወንድ ይሁን ሴት ስላልታወቀ ብለው የገዙት ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ ነበር።

መዝገቡ ላብ በላብ ሆኖ የልውውጡን ነገር ከሥሩ አስረዳ። ጋሽ ተሻገር እፎይ ብለው ወንበሩ ላይ ተለጠጡ። የኳስ ሰው ስለሆኑ ግን ነገሩን እዚያ ላይ አልተዉትም።

«ሶ፣ ማህደር ያን የመሰለ ኮልተርን የሰጠችው ስሙ እንኳ ለማይታወቅ ሰው ነው?» አሉ። «ይቺስ ልጅ አልበዛችም ብለህ ነው፣ መዝገቡ?»

መጋዘን ውስጥ ሲሰማው የከረመው ነገር ቤቱ ድረስ ገብቶ ተቀመጠበት። ያን የባንክ ሐሳብ እያብሰለሰለ የከረመው ሰውዬ ቆመ፤ ሲቆም ደግሞ ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት ራሱም አላወቀም።

«ጋሽ ተሻገር፣ እርስዎና እኔ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ እንዴት ነው የመጣነው?» አለ። «እነዚያ ሳያዩን ዋስ የሆኑን የፎርት ዎርዝ ምእመናን የፈረሙልን ወረቀት ላይ ምን ይል ነበር? ባል፣ ሚስት፣ አንዲት ሕፃን፤ ስማቸው ወደፊት ይገለጻል። ስማችንን ሳያውቁ ቤት ተከራዩልን፣ አልጋ ገዙልን፣ ፍሪጁን ሞሉት። ጎረቤቶቻቸው ያኔ ምን ብለው ስቀውባቸው ይሆን?»

ጋሽ ተሻገር ለስላሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እሳቸውንም የጠበቃቸው ሞልቶ የቆየ ፍሪጅ ነበር።

«ልጄም ስሙን ለማታውቀው ሰው ቦታ አዘጋጅታ ጠበቀች። ይሳካላት አይሳካላት አላውቅም። ግን ስሙ እስኪወጣ አልጠብቅም፣ ዛሬውኑ ኮርቼባታለሁ።»

ሰብለወርቅ ሳቋን ትታ በሩን እያየች ነበር። ማህደር መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ገብታ ቁልፏን እንደያዘች ቆማለች። ከሉዊዚያና ስትነዳ ነው የመጣችው። ምን ያህሉን እንደሰማች ዓይኗ ይናገራል።

«ወረወረ፣ አባዬ» አለች። «ክንዱ ድኗል። አሁን ኮል አደርግና እሱን ነው የምፈልገው እላቸዋለሁ።»

ስሙ ማን እንደሆነ ቀድመው የጠየቁት እትዬ ዓለምጌጥ ናቸው። ዚክ ሞስ አለች ማህደር፣ ሙሉውን ደግሞ ኢዚኪኤል።

«ሕዝቅኤል ነዋ» አሉ እትዬ ዓለምጌጥ ተቆጥተው። «ይህን የመሰለ የነቢይ ስም ይዞ እንዴት ስሙ አልወጣም ይባላል?»

የኮልተር ቡድን በመጣበት ቀን ጉባኤው ሁለት ቫን ሞልቶ ፎርት ዎርዝ ወረደ። እትዬ ዓለምጌጥ ሕዝቅኤልን ሳላይ አልቀርም ብለው ጥቅላቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ያዙ። ልጁ ሲወጣ ከበር የሚተርፍ ረጅም ቀጫጫ ጎረምሳ ሆኖ አገኙትና አቤት ጌታዬ አሉ። ሚስተር ሃንሊ ከታች ረድፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ማህደር አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ መዝገቡም ከኳሷ ይልቅ የሚያየው የእሷን ጀርባ ነው።

ሕዝቅኤል መጀመሪያ ላይ ኳሷን ወዲያና ወዲህ በተናት። በኋላ ክንዱ ሲሞቅ ሳያስነካ መወርወር ያዘ። ሚዩልስ በጠባብ ልዩነት እየመራ፣ ጨዋታው ወደ ማብቂያው ሲደርስ ግን የእንግዳው ቡድን ሰዎች ለነጥብ የሚሮጥባቸውን ሦስቱንም ማዕዘን ሞልተው ቆሙ፤ ሊመታ የወጣውም ኮልተር ሆነ። አንዲት ጥሩ ምት ብቻ ጨዋታውን ትወስደዋለች። ሕዝቡ የራሱን ቡድን ረስቶ ለድሮ ጀግናው ተነሣና ስሙን ይጠራ ጀመር። መዝገቡ አልተነሣም።

ኮልተር የመጀመሪያዋን በኃይል ሰንዝሮ ሳታት። ሁለተኛዋን ነካትና ከሜዳው ውጭ ሰደዳት፤ የሕዝቡ ትንፋሽ ተሰማ። ሦስተኛዋ ስትመጣ ዝቅ ብላ ከእንጨቱ ሥር አለፈች፣ ኮልተርም ከነእንጨቱ ዞሮ ቀረ። ለመቺ ሦስት ዕድል ብቻ ነውና ዳኛው በእጁ አሰናበተው፤ ጨዋታውም አበቃ። ኮልተር ልጁን ቆም ብሎ ተመለከተውና ቆቡን ነካ አድርጎለት ሄደ። መዝገቡ ጉልበቱን እያሻሸ ጌታ ይመስገን አለ።

ካሸነፉ በኋላ ሕዝቅኤል ክርኑ ላይ በረዶ ሊያስር ወንበር ላይ ተቀመጠ። እትዬ ዓለምጌጥ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ጥቅሉን ሰጡት። ልጁ ጥቂት ግራ ተጋብቶ አመሰገናቸው፣ ከዚያ በረዶውን በቢጫው የሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ክንዱ ላይ አሰረው። ሚስተር ሃንሊ ደግሞ ማህደርን አለፍ አሉና ምንም ሳይሏት ወደ ማይክሮፎኑ ክፍል ወጡ።

ድምፅ ማጉያው ከረከረ። ተናጋሪው ሕዝቡን አመስግኖ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቡድን የሚያዋቅረው ሰው ታውቋል አለ። ከዚያ ምላሱ እየተያዘበት ስሙን ጠራ፤ ማዳር መዝጋቡ።

«አቤት» አለ መዝገቡ ብድግ ብሎ።

ሜዳው ሁሉ ሲያጨበጭብ ነው የተጠራችው ልጁ መሆኗን የተረዳው። እሷ ከአጥሩ ዞራ፣ ከሰው ሁሉ መሀል ብቻውን የቆመውን አባቷን እያየች በእጇ አፏን ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። መዝገቡ እንደቆመ ቀረ። ሰብለወርቅም አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ኮቱን አልጎተተችውም።