ከውሉ የወጣው ሹፌር

የመኪናዬ ኢንሹራንስ በየዓመቱ ሽቅብ ሲወጣ አንጀቴ አርሮ፣ ዘንድሮ “ማስቀነሻ መላ አይጠፋም” ብዬ አባባን ይዤ ኢንሹራንስ ቢሮው ሄድኩ። ሠራተኛዋ ውሉን አገላብጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ሁለት ሹፌር ነው የተመዘገበው። ዋጋውን የሰቀለው የአባትሽ ዕድሜ ነው፤ እሳቸው ከወጡ ይቀንሳል” አለችኝ።

ኪሴን ሲነኩኝ የማልምረው ሴትዮ ዞር ብዬ አባባን አየሁት። አባባ አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መሪ ባይጨብጥም፣ ትርፉ ቁልፍ ከኪሱ አይለይም፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ የሚያሞቅልኝ እሱ ነው።

ለካ ሰምቷታል። “አውጪኝ፣ ልጄ። ላልነዳው እሷ ለምን ትክፈል?” አላት ሠራተኛዋን፤ ቁልፉንም አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

ስንመለስ ጎኔ ተቀመጠ። “ቀስ በይ እንግዲህ፤ ውሉ ላይ ያለሽው ሹፌር አንቺው ብቻ ነሽ” አለኝ። መስቀለኛው መንገድ ጋ ስንደርስ ግን ቀኝ እግሩ ወለሉን ጫን አድርጎ ረገጠ።

ከፊታችን አንድም መኪና አልነበረም። ቢሆንም ፍሬን ያዝኩ።